የኋላ ጎማ ራጂ

ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ እየተገፋ ጋራዤ በር ላይ ደረሰ። ልጇን የታቀፈች ሴት ከኋላው መጥታ ጣራው ሥር ቆመች። እኔ እጄ ጎማ ሲፈታ አፌም አብሮ ነው የሚፈታው፤ አሶሳ ውስጥ ደንበኛ ሳላስቅ የሸኘሁበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን ልጁ የተጠቀለለበትን ሳይ አፌ ተዘጋ። ነጭ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ያለ ዳንቴል። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

"ኧረ ተው! በዚህ ግሪስ?" ብላ ልጇን ወደ ደረቷ ሸሸገችው።

"ይቅርታ እህቴ፣ መሀሉን ላየው ፈልጌ ነው።"

"መሀሉ ምን ሆነ?"

"መጋጠሚያ አለው ወይ ብዬ።"

ሾፌሩን ዞራ አየችው፤ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው? እንደማለት። መጋጠሚያ አልነበረውም። ጎማውን ሠርቼ ሸኘኋቸው። እነሱ ሄዱ፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እየጣልኩ፣ ብሎን እያጠፋሁ ዋልኩ። ነገሩ የዘጠኝ ዓመት ነገር ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርትና እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት። ከሰፈራ መንደራችን ወደ ከተማ ገብቼ ጋሽ አልማሂ የሚባል የመንጌ ወረዳ ሰው ጋ ሳይክልና ሞተር ሳይክል እጠግን ነበር። ብዙ ነገር እችላለሁ፣ በራጂ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። ራጂ ማለት ያ ቸርኬውን ከመሀል ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን ሽቦ ነው። የሞተር የፊት ጎማና የኋላ ጎማ ራጂ ቀላቅላችሁ፣ ዓይኔን በሻሽ አስራችሁ ስጡኝ፤ በጣቴ ዳብሼ እለያለሁ። የኋላው ትንሽ ወፈር ይላል፣ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነዋ። ልዩነቱ ግን የጥፍር ውፍረት አይሞላም። ሌላ ሰው አፍጥጦ እንኳ አያየውም። እኔ በዚህ ተወራርጄ ስንቱን ለስላሳ ጠጥቻለሁ።

ራጂ ከሹራብ ጋር ምን አገናኘው አትሉኝም? በዚያን ጊዜ አሶሳ ሱቅ ውስጥ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ እንደልብ አይገኝም ነበር። ሴቶቹ የሚሠሩት በራጂ ነው። ራጂውን ሞርሳ ላይ አስሬ እቆርጠዋለሁ፣ ጫፉን በሞረድ አሾላለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ዝገት እንዳይዘው ሰሊጥ ዘይት ቀብቼ በጨርቅ እወለውለዋለሁ። ክሩ ሾልኮ እንዳይወርድ ጭራው ላይ የእስክሪብቶ ክዳን አቅልጬ አናት አበጅለታለሁ። ያን ዓመት አሶሳ ውስጥ ሹራብ የለበሰ ሁሉ በእኔ ራጂ የለበሰ ነው ብል አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ።

ከሁሉም ሰው በላይ ግን የምሠራው ለሰዓዳ ነበር። እናቷ እትዬ ከድጃና እናቴ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ አንድ መኪና ላይ ተጭነው ነው የመጡት፤ ስለዚህ ቤታቸው ለመግባት ፈቃድ አልጠይቅም። ሰዓዳ ለሕፃን የሚሆን ብርድ ልብስ በትዕዛዝ ትሠራ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ግንቦት ላይ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ጧ ሲል፣ አላፊ አግዳሚው ድንጋይ የተወረወረ መስሎት ይሰበሰባል። እሷ ዛፉ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ፣ ክሯን በቀርከሃ ቅርጫት አድርጋ ትቀመጣለች። ማንጎ የበላ ሰው ክሯን አይነካም፤ ሕጓ ነው። እኔ ደሞ ከግሪሱም ከማንጎውም ስላልጠፋሁ ሁልጊዜ አንድ ሜትር ርቄ ነው የምቀመጠው።

አዲስ ራጂ ሳመጣላት ጫፉን ጉንጯ ላይ ቀስ አድርጋ ትጎትተዋለች። ካልቧጠጣት "ከሚ፣ እጅህ ይባረክ" ትለኛለች። ይቺን ቃል ይዤ ሦስት ቀን እዞር ነበር። እወዳት ነበራ። ግን የምሬን ነግሬያት አላውቅም። ቀልድ የሚያበዛ ሰው ችግሩ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ጨክኜ "ሰዓዳ፣ ለምን አታገቢኝም?" አልኳት። "መጀመሪያ ታጠብ" አለችኝ። ሳቅን፣ አለቀ።

እንዲህ እያለን እትዬ ከድጃ አንዷን ክፍል ለመምህር አከራየች። ቲቸር ገዛኸኝ ይባላል። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከደብረ ብርሃን በላይ ካለ ብርዳም አገር ተመድቦ የመጣ። ቀጭን፣ መነፅራም፤ የአሶሳ ፀሐይ ላይ ሲሄድ የሚቀልጥ ሻማ ይመስላል። ሚስት አለችው፣ አገር ቤት። ሲያየኝ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል። ምንም አላልኩም፤ ክፍል ይከራያል፣ ሰው ነው። ሰዓዳም "እርስዎ" ነበር የምትለው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ አልማሂ ዘንድ የተቆላ ለውዝ በጋዜጣ ቋጥሬ ስደርስ፣ ከአጥሩ ውጪ ድምጿን ሰማሁ። "አንተ ቲቸር፣ ክሩን ላላ አድርገው እንጂ!"

አንተ። እግሬ እዚያው ቀረ። መቼ ነው "እርስዎ" የቀረው? ማን ነው ያስቀረው? እኔን ለአሥራ ምናምን ዓመት አንተ ስትለኝ እንደዚህ ጣፍጦ አያውቅም።

ገባሁ። አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ነጭ የሱፍ ክር፣ ሁለቱም ሹራብ ይሠራሉ። እሷ በእኔ ራጂ፣ እሱ ከእናቱ ባመጣው በሚያብለጨልጭ አሉሚንየም ዘንግ። ከአንዱ ቅርጫት ነው ሁለቱም የሚስቡት። እሱ ደሞ አንድ ሜትር አልራቀም።

"ቲቸር!" አልኩ፣ ድምፄን ደስተኛ አድርጌ። "ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ ዛሬ አየሁ። አሁን እንግዲህ የቀረህ ማጥባት ነው።"

ይናደዳል ብዬ ነበር። ሰውዬው መነፅሩ እስኪወልቅ ሳቀ። ዓይኑን እየጠረገ "ይሄ ልጅ ይገድለኛል" አለ። ቀልዴ ላይ እንደሱ የሳቀልኝ ሰው አልነበረም፤ ለዛም ነው ይበልጥ የጠላሁት። ጠላትህ ሲስቅልህ ምን ታደርገዋለህ?

"ሁለት ሰው አንድ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል?" አልኳት።

ሰዓዳ ሥራውን ዘርግታ አሳየችኝ። "እየው፣ ዳንቴሉ ከጫፍ ነው የሚጀመረው። ካንድ ጫፍ ብቻ ጀምረህ ከሄድክ በዛኛው በኩል ጥርሱ ይገለበጣል። ስለዚህ እኔ ከዚህ ጫፍ፣ ቲቸር ከዛኛው ጫፍ ጀምረን መሀል ላይ እናጋጥመዋለን። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ግን ሁለታችንም እኩል መሆን አለብን።"

"የማን ነው?"

"የሰው ነው፣ ትዕዛዝ" አለች። ቲቸር ክሩ ላይ አጎነበሰ። እኔ ማጎንበሱን አየሁ። የሆነ የሚደብቁት ነገር አለ፣ ሁለት ሆነው። ለውዜን መልሼ ይዤው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ብቻዬን ጨረስኩት። ጨው የለውም ነበር ወይስ አፌ ነው፣ ምንም አልጣመኝም።

ሰኞ ላይ ሰዓዳ ራሷ ጋራዥ ድረስ መጣች። ከራጂዎቿ አንዱ ላይ እናቷ ተቀምጣበት ጎብጧል። "ቲቸር ዛሬ ተማሪ ሊፈትን መንጌ ሄደ። የሱን ግማሽ በፌስታል ይዞት ሄዷል። እስኪመለስ የኔን መጨረስ አለብኝ፤ ልክ እንደዚህኛው አድርገህ ሥራልኝ።" ደህናውን ለናሙና አሳየችኝና መልሳ ፀጉሯ ውስጥ ሰካችው።

"አንድ አሮጌ አንድ አዲስ አይሆንም፣ ሁለቱንም አዲስ ልሥራልሽ" አልኳት።

ሁለት ጣሳ አጠገብ ላጠገብ ነበር፣ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ። የሷ ከፊት ጎማ ነው። እጄ ግን ወደ ኋላው ሄደ። ተሳስቶ አይደለም። ሐሳቤ ይሄ ነበር፤ ወፈር ባለ ራጂ ሲሠራ የሹራቡ ዓይን ሰፋ ሰፋ ይላል፣ የሷ ግማሽ ይሰፋል፣ የሱ ይጠባል፣ መሀል ላይ አይገጥሙም። እሷ ደሞ በራሷ እጅ ስለምትተማመን የሱ ጥፋት ይመስላታል። ይጨቃጨቃሉ። "እርስዎ" ይመለሳል።

ጋሽ አልማሂ ከወንበሩ ሆኖ አንገቱን ሳብ አድርጎ አየኝ። "ከማል፣ የኋላ ራጂ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል? ሞተር አላት እንዴ?"

"ጠንካራ ስለሆነ ነው ጋሼ።"

"ወላሂ፣ አንተ ዛሬ አልቀለድክም። አሞሃል?"

በሕይወቴ እንደዛ ያማረ ራጂ ሠርቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ዘይት ቀባሁት። ሰዓዳ ጉንጯ ላይ ጎተተችው። "እጅህ ይባረክ ከሚ" አለችኝ። ሌላ ጊዜ ሦስት ቀን የምዞርባት ቃል፣ ያን ቀን ከጋራዡ በር አላለፈችም።

ያንን ሳምንት በየቀኑ እሄድ ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይጎትታል፤ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ እገባለሁ። ብቻዋን ናት፣ ምንጣፉ የኛ ነው፣ ቀልዴ ይፈሳል፣ ትስቃለች። የሕይወቴ ምርጥ ሳምንት በሆነ ነበር። ግን ባሥር ቃሏ ውስጥ ሦስቱ ቲቸር ነው። "ቲቸር ሲመጣ መጨረሴን አያምንም።" "ቲቸር ይሄን ጥርስ ነው ያስተማረኝ።" እኔ ደሞ ብርድ ልብሱን አያለሁ። ጭኗ ላይ ተጣጥፎ ስለሚውል እሷ አልታያትም፤ ለኔ ግን ቀስ በቀስ እንደ ጡሩምባ አፍ ሲሰፋ ይታየኛል። ደስ ይለኛል፣ ከዛ ዓይኔን ወደ ማንጎው አዞራለሁ፣ ደሞ ደስ ይለኛል።

ቲቸር የተመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ነው። እኔም እንዳያመልጠኝ ቀድሜ ደርሻለሁ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የመንጌ መንገድ ነው ብዬ አሰብኩ። ሳይቀመጥ ፌስታሉን ፈታ። ሁለቱን ግማሽ ምንጣፉ ላይ ዘርግተው ጫፍ ለጫፍ አገናኙት።

የሷ በአራት ጣት ይበልጣል።

ሰዓዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቲቸር ተንበርክኮ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ የሷን ቆጠረ፣ የሱን ቆጠረ። "ቁጥሩ እኩል ነው" አለ ቀስ ብሎ። እኔ ጭቅጭቁን እጠብቃለሁ። አንዳቸው ድምፃቸውን እስኪያነሱ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰዓዳ" አለ። "አጥብቄ ነው የሠራሁት። ልቤ እዚህ አልነበረም።"

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ትናንት ደወሉልኝ። ሐኪም ቤት አስገብተዋታል። ቀኗ ገና ነበር። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።"

ወደኔ ዞረ፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ለኔ አስረዳኝ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ አጥተዋል። አማቱ ከመጀመሪያው በኋላ፣ ሳይወለድ አንድ ጨርቅ እንኳ ቤት ውስጥ እንዲዘጋጅ አልፈቀዱም፤ ወሬውም ከአፍ እንዳይወጣ አስምለዋቸዋል። እሱ ደሞ ልጁ ባዶ ቤት እንዲመጣ አልፈለገም። ማንም የማያውቀው አገር ነው ብሎ እዚህ፣ ማንጎ ሥር፣ ተደብቆ ይሠራል። ሰዓዳን የለመናት ብቻውን ስለማይደርስ ነው። "ከማል፣ አንተም እንግዲህ ለማንም አትንገር" አለኝና ዕቃውን ሊያስተካክል ገባ።

ሰዓዳ ምንጣፉ ላይ ቀረች። ፀጉሯ ውስጥ የሰካችውን አሮጌ ራጂ መዘዘች። ከአዲሱ ጋር አጠገብ ላጠገብ አድርጋ በሁለት ጣቷ አንከባለለችው። አንዴ። ደገመችው።

"ከሚ።"

"አቤት።"

"ይሄ የኋላ ጎማ ነው።"

"እስቲ... ተሳስቼ ይሆናል። ጣሳዎቹ ተቀላቅለው..."

"ዓይኔን አስራችሁ ስጡኝ ስትል አልነበር?"

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

"ለምን?"

መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ወድጄሽ ነው፣ ቀንቼ ነው፣ አጥፍቻለሁ። ሦስት አጭር ቃል። በምትኩ የወጣው ሌላ ነው። "ልጁ ወፍራም ቢሆንስ ብዬ ነው" አልኩ።

አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀልዴ አልሳቀችም። ራጂዎቹን መዝዛ ምንጣፉ ላይ ጣለቻቸውና ክሩን ጫፉን ይዛ መተርተር ጀመረች። የሳምንት ሥራ ትር ትር እያለ ይፈርሳል። "እጅህን ታጠብና ና" አለችኝ። ታጥቤ መጣሁ። "ዘርጋ።" ሁለት እጄን እንደሚታሰር ሰው ዘረጋሁ፤ የተተረተረውን ክር አንጓዬ ላይ ትጠመጥመው ጀመር። ክሩ ዓይኑን ስላልረሳ እንደ ኢንዶሚ ተጠማዟል።

ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር እንደዛ ፊት ለፊት፣ ጉልበታችን ሊነካካ ሲል፣ እጄን በእጇ እየነካች። አንድ ሜትሩ ጠፋ። ከዚያ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ እንደተቀመጥን ነበርን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ክሩ ሲያልቅ ከጋራዥ ሮጬ የፊት ጎማ ራጂ እንዳመጣላት ጠየቅኳት። "ተወው" አለች። ቲቸርን ጠርታ የሱን አሉሚንየም ዘንግ ተቀበለችና በሱ ጀመረች። እዚያም ላይ፣ እዚያ ሁሉ ጥፋት መሀል፣ የሱን ዘንግ ስትይዝ ቀናሁ። ሰው እንዲህም ይሆናል።

ጠዋት መናኸሪያ ሻንጣውን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። ሰዓዳ ዓይኗ ቀልቷል። ሥራዋ ከአራት እጅ ሦስቱ ደርሷል፣ አላለቀም። "ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ እጨርሰዋለሁ" አለ ቲቸር፤ ሁለቱን ግማሽ፣ ዘንጎቹን፣ የቀረውን ክር ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮት ጋ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጨበጠኝ። "ከማል፣ ይሄን ዓመት ያለፍኩት ባንተ ሳቅ ነው" አለኝ። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሰዓዳ ታየኛለች፤ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ገብቶኛል። "በሰላም ግባ ቲቸር፣ ሹፌሩ እንቅልፋም ነው፣ ተኝቶ ካየኸው በዘንጉ ውጋው" አልኩት። ሳቀ። አውቶቡሱ ወጣ። ሰዓዳ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

ባምስተኛው ቀን ደወለ። ሴት ናት፣ ትንሽ ናት፣ ግን ትተነፍሳለች፣ ትጠባለች። ብርድ ልብሱ ደርሷል፤ መጋጠሚያውን ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው የጨረሰው። ክረምቱን ወደዚያው ተዛወረና አልተመለሰም።

ሰዓዳ አልተጣላችኝም። ሰላም ትለኛለች፣ በኋላማ በቀልዴም ትስቅ ጀመር። ራጂ ግን ዳግመኛ ጠይቃኝ አታውቅም። በሁለተኛው ዓመት ባምባሲ ከተማ ተዳረች። ሰውዬው እህል ነጋዴ ነው፤ ሹራብም አይሠራም፣ ቀልድም አይችልም። ሰርጉ ላይ እንደኔ የጨፈረ የለም፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። በእጅ ሥራ የሚያስቀናኝ ሰው በዚህ ከተማ የለም። የሰዓዳም ቅናት ወጥቶልኛል፣ ከሞላ ጎደል። ያልወጣልኝ አንድ አለ። ያ ሰውዬ ሚስቱ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ያላጠፋውን፣ ማንም ሳይጠይቀው "ጥፋቱ የኔ ነው" ሲል ውኃ የጠጣ ያህል ነው የቀለለው። እኔ አጥፊው ያቺን ቃል ስንት ዓመት አፌ ውስጥ አላመጥኳት፣ አልወጣም አለችኝ። በዚህ እቀናበታለሁ። ሰው በሌላው ሰው ሚስት፣ በሌላው ሰው መኪና ይቀናል፤ እኔ በአንድ ሰው አፍ ቀንቼ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት ባጃጁ ከሄደ በኋላ እትዬ ከድጃ ዘንድ ሄጄ የቲቸርን ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። እጄን ታጥቤ፣ ጋራዡን ዘግቼ ደወልኩ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ከማል ነኝ፣ ከአሶሳ።"

"ያ ቀልደኛ!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ አልተለወጠም። ከጀርባው አንዲት ልጅ "አባዬ፣ ማነው?" ስትል ይሰማኛል። "ጓደኛዬ ነው፣ የአሶሳ ጓደኛዬ" አላትና ወደኔ ተመለሰ። "በል እንጂ ከማል፣ ምን ልትነግረኝ ነው? እየሰማሁህ ነው።"

አንድ ቀልድ ነገርኩት። ጥሩ ቀልድ ነበር። እስኪያስለው ሳቀ።